ታማራን ያየው ሰው

በየከተማው ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድሞ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። ስለ ባሕር ብታነሱ እሱ ምጽዋ ላይ ዋኝቷል። ስለ ባቡር ብታነሱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ድሬዳዋ ደርሷል። ዝናብ ዘነበ ብትሉት፣ ዝናብ የሚባለውን ነገር በእውነት ያየው እሱ ነው፤ በእናንተ ላይ የሚወርደው ከዚያ የተረፈው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በክርክር መርታት አይቻልም፤ ምስክሩም ዳኛውም ራሱ ነውና። መቅናት ግን ይቻላል። እኔ በዚህ ሙያ የረጅም ዘመን ልምድ አለኝ።

የእኛ የቢቸናው ገላው ይባላል። ማዕረጉን ሳላጓድል ልጥራው፦ ክቡር አቶ ገላው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት፣ የበሬና የበቅሎ ሐኪም፣ በአውራጃው ብቸኛው የቁርስ ሰዓት ቴሌቪዥን ተመልካች። የመጨረሻውን ማዕረግ የሰጠው መንግሥት አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ ነው። እኔ እጄን አላወጣሁም።

በሰባዎቹ መጨረሻ ገላው ለከብት ሕክምና ሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቆይቶ ተመለሰ። ሌላው ሰው ከዚያ አገር ሲመለስ ካፖርት ያመጣል፤ ሰዓት ያመጣል፤ አንዳንዱም ሚስት ያመጣል። ገላው ያመጣው ወሬ ነው። ሠልጣኞቹ በሚያድሩበት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበረ። ጠዋት ጠዋት ቁርሳቸውን የሚበሉት እሱን እያዩ ነው። ዳቦ እየተቆረሰ፣ ሻይ እየተቀዳ፣ ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ብቅ ብላ "እንደምን አደራችሁ" ትላቸዋለች።

በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ ቴሌቪዥን አልነበረም። ቴሌቪዥን፣ አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው በሰው መስኮት አሻግሮ የሚያየው ነገር ነበር። ቁርስ ግን ነበረን። ቁርሳችንንም የምንበላው እትየ ይርጋነሽ ሻይ ቤት ነው። እትየ ይርጋነሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ክንዳቸው የጠና፣ ምላሳቸውም ከክንዳቸው የማይተናነስ ሴት ነበሩ። የእሳቸውን ቂጣ ፍርፍር ያልበላ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሮ ገብቶ ብዕር አያነሳም።

ከገላው በፊት በዚያ ቤት በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእኔ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሬዲዮም ነበረኝ። ጠዋት ሬዲዮኔን በብብቴ ይዤ እመጣና፣ ዜናውን አሰምቼ፣ ለሰው ያልገባውን አስረዳለሁ፤ የትኛው አገር ከየትኛው እንደሚዋሰን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጨባበጠ፣ ለምን ያን ያህል እንደቆዩ። ሰው በጸጥታ ይሰማኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጸጥታው የእንቅልፍ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ጊዜ ግን አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ገላው በተመለሰ በሳምንቱ ወደ ሻይ ቤቱ ሲገባ እኔ ስለ ሞንጎሊያ የሱፍ ምርት እያብራራሁ ነበር። ሻይ አዘዘ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣

"ታማራም እንዲህ ነው የምትይዘው" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

"ታማራ ደግሞ ማን ናት?" አሉ እትየ ይርጋነሽ።

"እናንተ አላያችሁትም እንጂ፣ እትየ…" አለና ጀመረ።

ሞንጎሊያ እዚያው ቀረች።

ታማራ የቁርሱን ፕሮግራም የምትመራዋ ሴት ናት። ፀጉሯ ቢጫ ነው፤ በግራ በኩል ትከፍለዋለች። ሰማያዊ ቀሚስ ትለብሳለች፤ አንገትጌው ነጭ ነው። እንደምን አደራችሁ ብላ ስትጨርስ ቀጭን ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ ይመጣና ወገቡን እያጎነበሰ ስፖርት ያሠራል። ቀጥሎ የአየሩ ሁኔታ ነው፤ ዝናቡ ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚነግር ሰው አለ። ከዚያ ነጭ ቆብ የደፋ ወጥ ሠሪ ዕንቁላል ይጠብሳል። ከእሱ በኋላ በእጅ የሚንቀሳቀስ የጨርቅ ድመት ወጥቶ አልነሳ ያሉ ሰነፎችን ይሳደባል። በመጨረሻ ታማራ ብርጭቆዋን ወደ ተመልካቹ ከፍ አድርጋ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ሰው አይጠብቅም" ትልና ትሰናበታለች።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙ አይደለም። ገላው በየጠዋቱ፣ ያየውን ቀን በቀን በተራ እያወጣ ሲሠራው ግን ሌላ ነበር። ሲናገር ሲናገር የበሬ መድኃኒት የሚሸተው ያ ሰው አንገቱን ቀና፣ ትከሻውን ሰብሰብ ያደርግና ፈገግ ይላል፤ ጺሙ ሳይቀር ይጠፋል። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ሳያስበው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ሰላምታውን ይመልሳል። እኔም አንድ ጊዜ አምልጦኝ መልሻለሁ። ማንም እንዳላየኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ችግር የተነሳው በመጀመሪያው ረቡዕ ነው። የቅኔ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ከቅዳሴ በፊት ጎራ ብለው ይቀመጣሉ። በጾም ቀን አይበሉም፤ ይሰማሉ እንጂ። ገላው ወጥ ሠሪውን አስገባ፤ መጥበሻውን አጋለ፤ ዘይቱን ጠብ አደረገ። ዕንቁላሉን ሊሰብር ሲል የኔታ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ ልጄ። ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ረቡዕ ነው፣ የኔታ።"

"ታዲያ ዕንቁላሉን የምትሰብረው በማን ፊት ነው?"

"ሩሲያ ላይ እኮ ነው፣ የኔታ።"

"እነሱ ሩሲያ ላይ ይሥሩት፤ የሚያውቅ ያውቅላቸዋል። አንተ ግን የምትጠብሰው ቢቸና ነው። በጾም ቀን ዕንቁላል በጆሮም አይገባም።"

ከዚያ ሩሲያዊው ወጥ ሠሪ መጥበሻውን አጠበና ድንች በዘይት ጠበሰ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ድንቹ ሆነ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰውየው ምስር ቀቀለ፤ ሽሮ አንተከተከ፤ የኔታ ባሉት መሠረት ሽንኩርቱን አስተካከለ። በትንሣኤ ማግሥት ገላው የመጀመሪያውን ዕንቁላል በአየር ላይ ሲሰብር ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሩሲያዊው ወጥ ሠሪ ሳያውቀው ሙሉ ሁዳዴ ጾመ። እኔ በዚያ ዓመት ሦስት አገሮች የድንበር ስምምነት መፈራረማቸውን ተናግሬአለሁ፤ እልል ያለልኝ አልነበረም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። አዲስ የሬዲዮ ድንጋይ ገዛሁ፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። እትየ ይርጋነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ መጥተው፣

"መምህር፣ በሞቴ ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ ታማራ ልትሰናበት ነው" አሉኝ።

ወንበሬን የለቀቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ማንም ተነሳ አላለኝም። ገላው ሲሠራ እጁን ስለሚያወናጭፍ ቦታ ያስፈልገዋል ተባለ።

ከሁሉ የከፋው ግን በቤቴ የሆነው ነው። ባለቤቴ ባንቺዓለም ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ስለማትነሳ ሻይ ቤት አትመጣም። በትዳራችን ዘመን ሁሉ "ዛሬ ሬዲዮው ምን አለ?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ግን ለምሳ ስገባ፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ፣

"ታማራ ዛሬ ምን አለች?" ማለት ጀመረች።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እዚያው ተቀምጠህ አልነበር እንዴ? በል እንጂ! ድመቱስ?"

አንድ ቀን አሳጥሬ ብነግራት ሥጋውን ከፊቴ አነሳችው። ሌላ ቀን ስፖርቱን ከአየሩ ሁኔታ በኋላ አድርጌ ብነግራት፣ "እንዲህ አይደለም፤ አልሰማህም ማለት ነው" ብላ ሌላ ሰው ጠየቀች። ስለዚህ መስማት ጀመርኩ። የማልወደውን ሰው ቃል በቃል፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ በቃሌ ያዝኩት። ባንቺዓለም ከእኔ በሰማችው ልክ ነጭ አንገትጌ ቆርጣ በሰማያዊ ቀሚስ ላይ ሰፋች። ወር ሳይሞላ የከተማው ሴት ሁሉ "የታማራ አንገት ስፊልኝ" እያለ ደጃችን ይቆም ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን ገላው ሻዩን ሳይነካ ቁጭ አለ።

"የዛሬው ይከብዳል" አለ። "ጠዋት ገባን፤ ዳቦውን ያዝን፤ ሙዚቃው መጣ። ስናይ ታማራ የለችም። ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ቬራ እባላለሁ አለች።"

እትየ ይርጋነሽ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። "ታማራስ? ታምማ ነው?"

"ማንም አልነገረንም።"

"ቬራስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። ብርጭቆውን ግን አታነሳም።"

"ወይ ጉድ!" አሉ እትየ ይርጋነሽ። "ብርጭቆ ካላነሳች ምኑን ቁርስ ሆነው?"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ጉዳዩን ከርዕዮተ ዓለም አንጻር መረመረው። "የሶቪየት ጓዶች ሰው ያለ ምክንያት አያነሱም" አለ። ዙሪያውን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። "ቢሆንም ይህችኛዋ ላይ ተቻኩለዋል።" ጓድ ደምለው ከበላይ አካል ጋር ሲለያይ የሰማሁት በዚያች ጠዋት ብቻ ነው።

ቬራን ማንም አልፈለጋትም። ገላው አንድ ሁለት ጠዋት ሊሠራት ሞከረ፤ ሰው ፍርፍሩን እየጎረሰ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው የታማራ ጊዜ ብቻ ሆነ። ቢቸና ያላየችውን ትናፍቅ ጀመር። "በታማራ ጊዜ ቢሆን…" ይላል የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝበት። "የድሮው ድመት ይሻል ነበር" ብለው ሁለት የፍርድ ቤት ሠራተኞች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ድሮ የሚሉት ያለፈውን ዓመት ነው፤ ያውም የሰው አገር ያለፈውን ዓመት። ገላው በእነዚህ ክርክሮች መካከል እንደ ሽማግሌ ይቀመጥና፣ "እናንተ አላያችሁትም እንጂ ሁለቱም ድመቶች አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ጨርቁ ነው" ብሎ ያስታርቃል።

በማግሥቱ ዓመት ሞጣ ቴሌቪዥን ገባ ተባለ።

ሞጣ የትውልድ አገሬ ናት። ለጥምቀት ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በከተማው አዳራሽ ውስጥ፣ በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገላው ቀድሜ ያየሁት ነገር ተገኘ። ወደ ሻይ ቤቱ የገባሁት በደስታ ነው።

"የሚጀምረው ማታ ነው" አልኳቸው። "ጠዋት ምንም የለም። ቁርስ የሚባል ነገር የለውም።"

ሁሉም ገላውን አዩት፤ ገላው ብርጭቆውን አየ። ከዚያ እትየ ይርጋነሽ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ በልጃቸው ሕመም የሚያዝኑ ያህል በለሰለሰ ድምፅ፣

"መምህርዬ፣ ቅናት አጥንት ያነቅዛል" አሉኝ።

የሻይ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ሄደው ሊያዩ ቆረጡ። የሩሲያዋ ታማራ ሞጣ ትመጣለች ብሎ የጠበቀ የለም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርንም። የእኛ አገሯ ታማራ ትኖራለች ነበር ሐሳቡ። ቁርስ በሚበላበት አገር ሁሉ አንዷ መቼም አትጠፋም። ጓድ ደምለው የሞጣው የመብራት ሞተር ጠዋት ጠዋት እንደማይነሳ ስለሰማ በጀሪካን ናፍጣ አዘጋጀ። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ተነሳን። ባንቺዓለም ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። የኔታ አካለ ወልድ በክብር ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከላይ ከጆንያው ጋር ነኝ፤ ከጎኔ ገላው።

ጉዞው ከተቆረጠ ወዲህ ገላው ከስቷል። "እናንተ አላያችሁትም እንጂ" ማለት ትቷል። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"መምህር፣ ጠዋት የለም አይደል?"

"የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልካቸው?"

"አንተ ነግረሃቸው የለም? አመኑህ?"

ከጆንያው ላይ ወደ ኋላ ስናይ አቧራው መንገዱን ሸፍኖታል። እትየ ይርጋነሽ ከፊታችን የሻዩን ፔርሙስ እንደ ሕፃን አቅፈው ይዘፍናሉ።

"ያየሁት እውነት ነው" አለ ገላው። "ነገ ግን ውሸታም እሆናለሁ።"

ይህን ቀን ስጠብቀው ከርሜአለሁ፤ ያ ወንበር ተመልሶ በመስኮቱ በኩል ሲጠብቀኝ ይታየኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መኪናው ስላንገጫገጨኝ ይሆናል፣ ደስ አላለኝም።

እኅቴ ቤት አደርን። በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ቆምን። ጠባቂውም የሞተሩ ባለሙያም አምባቸው የሚባል አንድ ሰው ነው። ጀሪካኑንም፣ ፔርሙሱንም፣ በጨርቅ የተቋጠረውንም ዳቦ አየና ግራ ገባው።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ቴሌቪዥን ልናይ" አሉ እትየ ይርጋነሽ።

"የሚጀምረው ማታ ነው፣ እናቴ።"

"የማታውን አይደለም የፈለግነው፣ ልጄ።" እትየ ይርጋነሽ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "እናንተ ዋናውን አላያችሁትም እንጂ…"

አምባቸው ትከሻውን ሰብቆ ናፍጣውን ተቀበለ። ሞተሩ አጓራ። አግዳሚዎቹ ላይ ተደረደርን፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ሻዩ ተቀዳ። የኔታ የደረሳቸውን ቁራሽ ለዘጠኝ ሰዓት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አምባቸው ሳጥኑን ከፈተና ቁልፉን አዞረ።

መስታወቱ ላይ አውድማ የሚዘራ ጤፍ የመሰለ ነገር በነጭና በጥቁር ተበተነ። ድምፁ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።

"ትዕግሥት" አሉ የኔታ። "መጋረጃው ገና ነው።"

ጠበቅን። ጤፉ ይዘራል። ሻዩ ቀዘቀዘ። የሞተሩን ድምፅ የሰሙ የሞጣ ሰዎች በበሩና በመስኮቱ ተኮለኮሉ። "ቢቸናዎች ጭጋግ ሊያዩ መጡ!" አለ አንዱ። "አገራቸው ጭጋግ ጠፋ እንዴ?" አለ ሌላው። ሳቁ እየበዛ ሄደ። የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ሲስቁ ግን አላወቅኋቸውም።

እትየ ይርጋነሽ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ገላው" አሉ። "ታማራ የት አለች?"

ገላው ተነሳ። ወደ ሳጥኑ ሄዶ የዝናቡን ድምፅ ዝቅ አደረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ። አንገቱን ቀና ሊያደርግ ሞከረ፤ አልሄደለትም። ትከሻውን ሰበሰበ፤ ጺሙ እዚያው አለ። "እንደምን አደራችሁ" አለ፤ ድምፁ የራሱ ነበር፣ የከብት ሐኪሙ። ማንም አልመለሰለትም። በር ላይ ያሉት አጨበጨቡ፣ ለማላገጥ። ስፖርቱን ዘለለ። አየሩን ዘለለ። መጥበሻውን አነሳና ዕንቁላሉን ከመጥበሻው አፋፍ ላይ መታው።

"ዓርብ ነው!"

የጮኽሁት እኔ ነኝ። በእግሬ ቆሜአለሁ።

"ዛሬ ዓርብ ነው! ዓርብ ድንቹ ነው! ደግሞ ከወጥ ሠሪው በፊት አየሩ፣ ከአየሩ በፊት ስፖርቱ! ታማራ እንዲህ አድርጋ ታውቃለች?"

ገላው አፉን ከፍቶ አየኝ። እውነቱን ለመናገር ላድነው ብዬ አልነበረም። በመቶ ጠዋት በቃሌ ያጠናሁትን ነገር ፊቴ ላይ ሲያበላሸው መታገሥ ስላቃተኝ ነው።

"እውነቱን ነው" አሉ የኔታ። "ከመጀመሪያው ጀምር።"

ገላው ዕንቁላሉን በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠ። ወደ እኔ ተመለከተ።

"ስፖርቱን አንተ ሥራው" አለኝ። "ወገቤን ያመኛል።"

ስለዚህ እኔ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ በትውልድ ከተማዬ፣ በዘመዶቼ ፊት፣ ኮቴን አውልቄ ወገቤን አጎነበስኩ። ባንቺዓለም በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ቀጥሎ አየሩን ተናገርኩ፤ ለሞጣ ፀሐይ፣ ለቢቸና ከሰዓት በኋላ ደመና ሰጠሁ፣ ለስላቃቸው ቅጣት እንዲሆን በበሩ ዳር ቆመው ለነበሩት ጥቂት በረዶ ጨመርኩ። ገላው ሲስቅ ትከሻው ላላ። ድንቹን ጠበሰ፤ ሽታው የደረሰን መሰለን። ድመቱ ሲወጣ ከበሩ ላይ ያ "ጭጋግ" ያለው ሰውዬ አግዳሚ ፈልጎ ተቀምጧል። በመጨረሻ ገላው ብርጭቆውን ሲያነሳ ጺሙ ጠፍቶ ነበር።

"በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ሰው አይጠብቅም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አለ አዳራሹ፣ ሞጣውም ቢቸናውም።

አምባቸው ናፍጣ እንዳይባክን ሞተሩን ያጠፋው መቼ እንደሆነ አላወቅንም። መስታወቱ ጥቁር ሆኖ ቆይቷል፤ ያስተዋለ አልነበረም። ስንወጣ በሩ ላይ ያዘኝና በጆሮዬ፣ "ነገ ዕንቁላሉ ይኖራል?" አለኝ።

ማታ ዋናውን ቴሌቪዥን አየን። ስብሰባ ነበረ፤ መከር ነበረ፤ ደግ ነው። እትየ ይርጋነሽ እስከ መጨረሻው ተመለከቱና ፍርዳቸውን ሰጡ። "ዜና አንባቢው ጥሩ ነው። ግን ብርጭቆ ይዞ አያውቅም።"

ቢቸና ስንመለስ ወንበሩ የገላው ሆኖ ቀረ። እኔ ከጎኑ በርጩማ ተሰጠኝ፣ የአየር ሁኔታ ስለሆንኩ።

ዘመኑ ተለወጠ። ገላው ወደ ደጀን ተዛወረ፤ እትየ ይርጋነሽና የኔታም አረፉ። አሁን ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ጠዋት ስከፍተው የቁርስ ፕሮግራም በየጣቢያው ነው፤ ስፖርት አለው፣ ወጥ ሠሪ አለው፣ ሴትና ወንድ ሆነው ይሳሳቃሉ። ባንቺዓለም ደስ ብሏት ልታይ ትቀመጣለች። እኔ ከጎኗ፣ "እናንተ አላያችሁትም እንጂ…" ማለት ስጀምር ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

በቅርቡ ገላው ሊጠይቀን መጣ። ሸምግሏል፤ ምርኩዝ ይዟል። ቁርስ ቀርቦ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ አንዲት ወጣት እንደምን አደራችሁ አለችን።

"ጎበዝ ናት" አለ ገላው።

"ጎበዝ?" አልኩ፣ ጉርሻዬን አስቀምጬ። "ከታማራ ጋር ልታስተያያት ነው?"

ገላው ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ መለሰ።

"መምህር፣ ልጠይቅህ" አለ። "ፀጉሯ ጥቁር ነበር፣ ወይስ ምን ነበር? ፊቷ ጠፋኝ እኮ።"

ደነገጥኩ። ሰውየው አይቷታል። በዚህ አገር ያያት እሱ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የቀናሁበት በዚያ ዓይኑ ነበር፤ እሱ ግን ረስቷታል። ባንቺዓለም ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

"ቢጫ ነው" አልኩት። "በግራ በኩል ትከፍለዋለች። ቀሚሷ ሰማያዊ፣ አንገትጌው ነጭ።"

"ከዚያስ?"

አንገቴን ቀና፣ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ። ገላው ዳቦውን እንደያዘ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ እንደዚያን ጊዜው የቢቸና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ስፖርቱን አሳየሁት። አየሩን ነገርኩት። ድመቱ ሲሳደብ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ድመቱ ምን እንደሚል አያውቅም ነበርና።

"ቀጥል" አለኝ። "ቀጥል እንጂ!"

እኔ ይህን ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ የምሰማበት ጠዋት ከእንግዲህ የለኝም። ያ ሰውዬ ግን ፊቴ ተቀምጦ እንደ አዲስ ይሰማዋል። በዚህም ቀናሁበት፤ ብርጭቆዬን ወደ እሱ ከፍ አደረግሁ።